ለእህቱ የተነገረው

ይህን የምጽፈው በቅርቡ የጨጓራ ምርመራ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ነው። ወደ ክሊኒኩ ከመግባቱ በፊት ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ቀጠሮ የሌለውም ያንብበው፤ አንድ ቀን የሚያስታምመው ሰው አያጣም።

ነገሩ ሲደርስብኝ ወልድያ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሥራዬ ዘጋቢነት ነው። ጎርፍ፣ ድርቅና ጦርነት ዘግቤያለሁ፤ ሰው ፊቴ ሲያለቅስ ሳልረበሽ መጻፍ ለምጃለሁ። ትዳር ነበረኝ፤ ፈርሷል። ልጅ የለኝም። ወላጆቼ አርፈዋል። አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ሞያሌ ነው የሚኖረው፤ በዓል ሲደርስ እንደዋወላለን። እህት ኖራኝ አያውቅም።

ሆዴን ያመመኝ ክረምቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ማቃጠል ነበር፤ ቀጥሎ የበላሁት አልወርድ አለኝ፤ ከዚያም ያለ ምክንያት መክሳት ጀመርኩ። ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ እየገዛሁ ስጠጣ ከረምኩ። በመጨረሻ የሄድኩበት ሐኪም ሆዴን ዳበሰና «በአፍ የሚገባ ካሜራ ያስፈልጋል» አለኝ። ኢንዶስኮፒ የሚሉት ነው። ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ላከኝ። እዚያ የቀጠረችኝ ነርስ «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ። አስታማሚ ይዘው ይምጡ፤ የሚያስተኛ መርፌ ስለምንሰጥ ብቻዎን መሄድ አይችሉም» አለችኝ።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ያሉት ስሞች የኃላፊዎች፣ የቀበሌ ሊቃነ መናብርት፣ የሾፌሮች፣ ለመረጃ የምደውልላቸው ነጋዴዎች ናቸው። አብሮኝ ለብዙ ጊዜ ለሠራ ሰው ደወልኩ።

«አቤት! ምን ተፈጠረ?» አለኝ።

«ምንም። ሰላም ልልህ ነው።»

ሰላም ልለው ደውዬለት አላውቅም። «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?»

«ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልደወልኩም።

ጠዋት ክሊኒኩን ሰው ሞልቶታል። በእኛ አገር አንድ በሽተኛ ቤተሰቡን አስከትሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ጫማውን ይይዝለታል፣ አንዱ ፔርሙዝ ያንጠለጥላል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይዝ አጠገቡ ይቆማል። በእኔ ግራና ቀኝ ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

«አቶ ደምስ!» ነርሷ ጠራች። «አስታማሚዎ የታለ?»

«ብቻዬን ነኝ። ሲያልቅ ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ።»

«አይቻልም፣ ጋሼ። መርፌውን ከወሰዱ በኋላ ራስዎን ማመን የለብዎትም። ወይ ሰው ይጥሩ፣ ወይ ያለ መርፌ ይሠራል።»

«ያለ መርፌ ይሁን።»

«ይከብዳል እኮ! ባለፈው አንድ ጎረምሳ ቱቦውን ነክሶ ሊበጥሰው ነበር።»

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ማንጎ የሞላ ፌስታል ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ ሴት አየሁ። ከእኔ በጥቂት ዓመታት ቢበልጡ ነው።

«አንቺ ደግሞ ሰው አታስፈራሪ» አሉ ነርሷን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ሰውዬው፣ ከሰማይ ነው የወረድከው? ሰው በሞላበት አገር ሰው የለኝም ይባላል?»

«የማውቀው ሰው ማለቴ ነው፣ እናቴ።»

«እናቴ አለኝ! ወላሂ ሽበትህ ከእኔ ይብሳል!» አዳራሹ ሳቀ። «በይ ጻፊው» አሏት። «ታላቅ እህቱ ነኝ። ሉባባ በይው። እስኪያልቅ እዚህ ነኝ።»

ነርሷም እየሳቀች ጻፈችው። ውስጥ ያለው ሐኪም ግን ቀልዱን አልሰማም፤ የሚደርሰው ወረቀቱ ነው። ደምስ የተባለ ሰው ሉባባ የምትባል እህት አለችው ቢባል በወሎ የሚደነቅ የለም። በየቤቱ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ የተወለደ ነው።

ተራዬን ስጠብቅ እትዬ ሉባባ ከመርሳ እንደመጡ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ታመው ቤት ተኝተዋል፤ እሳቸው መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። «አንተስ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«በል፣ እንግዲህ ስትለፈልፍ ነው ሆድህ የተቃጠለው።»

ሐኪሙ ወጣት ነው። በግራ ጎኔ አስተኛኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ መራራ ነገር ረጨብኝ፤ ጥርሴ መሃል ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ አደረገ። «ሙሉ በሙሉ ራስዎን አይስቱም» አለኝ። «ያደነዝዝዎታል፣ ይተኛሉ። ብዙ ሰው ሲነቃ ምንም አያስታውስም። ድምፅ የሚሰማም አለ።» እኔም የሙያ ልማድ ሆኖብኝ የማየውን ሁሉ በቅደም ተከተል ለመያዝ ወሰንኩ። ጣራው ነጭ ነው። ከመብራቶቹ አንዱ ይርገበገባል። መርፌው በእጄ ጀርባ ገባ። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ጠፋ።

የሰማሁትን እንደሰማሁት ልጻፈው።

ቆርቆሮ ጣራ ላይ ከባድ ዝናብ ይወርዳል።

«ጋዜጠኛ ነው አሉ» ይላል አንድ ድምፅ። «ዛሬስ አፉን ይዘንለታል።» ይስቃሉ።

ሳቁ በመሃል ይቆማል። «እስቲ መልሰው። እዚህ ጋ። ውሰድ። ከጎኑም ውሰድ።»

እንደገና ዝናብ። ከዚያ ከራስጌዬ፣ በጣም ቅርብ፣ የሐኪሙ ድምፅ፤ «እህታቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» ይላሉ እትዬ ሉባባ።

«ቁስል አግኝተናል። መልኩን አልወደድኩትም። ናሙና ወስደናል፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ለእሳቸው አሁን ምንም አይንገሯቸው፤ ይደነግጣሉ።»

«ይድናል?» ይላሉ እትዬ ሉባባ።

መልሱን አልሰማሁም። «ነቅቻለሁ» ልል ፈልጌ ምላሴን አጣኋት። ጣቴን ላንቀሳቅስ አሰብኩ፤ ጣቴ የት እንዳለ ጠፋኝ። ፍርሃት አልነበረም። ከወንዝ ማዶ ቆመው ስለ እኔ የሚነጋገሩ ሰዎችን የማይ መሰለኝ፤ እነሱ አያዩኝም፣ ብጠራቸውም ድምፄ አይሻገርም።

ስነቃ እትዬ ሉባባ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ነቃህ? አልሃምዱሊላህ!»

«ምን አሉ?» ምላሴ ወፍራም ነበር።

«ምን ይላሉ? ጨጓራ ነው። በርበሬ ተው፣ ሌላው አላህ ያውቃል።» ይህን እያሉ ፌስታሉ ውስጥ ያሉትን ማንጎዎች ይደረድራሉ። ፊቴን አላዩም።

ነርሷ መጣች። «ዝናቡ አባራ?» አልኳት።

«የምን ዝናብ?» መጋረጃውን ገለጠችልኝ። ውጭው ፀሐይ ነው፤ የግቢው አፈር ደርቆ ነጭ ሆኗል።

ይህ ነው ያስጨነቀኝ። ዝናቡን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ግን አልዘነበም። ታዲያ ከዝናቡ ጋር የሰማሁት ሌላውስ? ሌላ ሰው በመርፌ ደንዝዞ ሳለ የሰማውን ቢነግረኝ አላትመውም ነበር። አሁን ያ ምስክር እኔ ነኝ፤ ጉዳዩ ደግሞ የራሴ ሕይወት ነው።

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሙን በር ላይ አገኘሁት። «ዶክተር፣ ምን አገኛችሁ?»

«ለእህትዎ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ። የናሙናው ውጤት ሲመጣ እንጠራዎታለን። ዛሬ ግን ብቻዎን እንዳያድሩ።»

እህቴ አይደሉም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ሉባባ እንዳልወድቅ ክንዴን ይዘውኛል፤ ማንም እንዲያ ከያዘኝ ቆይቷል። ዝም አልኩ።

«ቤትህ ማን አለ?» አሉኝ መንገድ ላይ።

«ማንም።»

«እንግዲያው መርሳ ነው የምታድረው። እኔ ሰውዬዬን ትቼ እዚህ አላድር፤ አንተን ደግሞ ለበር ቁልፍ አደራ አልሰጥ።»

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጡኝ። «ክፈቱለት! ከሐኪም ቤት ነው የመጣው» ሲሉ የፊት ወንበር ላይ ያለው ሰው ዞሮ «ምን ሆኖ ነው?» አላቸው። «ጨጓራ ነው። ወንድሜ ነው» አሉት። ሰውዬው «ይማርህ» ብሎኝ ዞረ። ሲሪንቃ ስንደርስ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ማሳዎች በመንገዱ ዳር ታዩኝ። በየመደቡ ትንሽ ምልክት ተተክሏል፤ ምን እንደተዘራበት ለሚያልፍ ሁሉ ተጽፏል። ያን ዕለት በዚያ መሬት ቀናሁ።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ማንጎ ዛፎች መሃል ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ዓይናቸው ግን ሕያው ነው።

«ማንን አመጣሽ?»

«ወንድም።»

«ከየት?»

«ከክሊኒክ።»

«ደግ። በሚቀጥለው ላም አምጪ» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ግባ ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ። እሷ ገበያ ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳ አታውቅም።»

እትዬ ሉባባ መድኃኒቱን አጠጧቸው። ለእኔ አጥሚት ሊሠሩ ወተት ፍለጋ ወደ ጎረቤት ወጡ። የከሰዓት በኋላው የአሱር አዛን ተሰማ። ጋሽ ሰይድ እንደተኙ ሰገዱ፤ ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ለእኔ አልነገረኝም፣ ጋሽ ሰይድ። ለእሳቸው ነው የነገራቸው።»

«እሷስ ምን አለችህ?»

«ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተው።»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያበቃ ጠበቅሁ። «ሌላው አላህ ያውቃል አላለችህም?»

«ብለውኛል።»

«እንዳለች። ለእኔም ይችው ናት፤ ቃል እንኳ አልለወጠች! በርበሬውን ተውኩ፤ ይኸው።» እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡና አሳዩኝ። ቆዳና አጥንት ነው።

ዝናብ ዘነበም አልዘነበም፣ አሁን አወቅሁ። የሰማሁት ሕልም አይደለም።

«እርስዎ ያውቃሉ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የእኔ ሆድ አይደል? አያውቅም ብለህ ነው? እሷ ግን እንደማላውቅ ነው የምታውቀው። ስንተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። እኔ አንኮራፋለሁ።»

«ያንኮራፋሉ?»

«የተኛሁ እንዲመስላት ነዋ። ካላንኮራፋሁማ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ነው የምታድር። እንዳትነግራት፣ አደራ።»

«አልነግራቸውም።»

እትዬ ሉባባ ወተቱን ይዘው ገቡ። «ምን ታወራላችሁ?»

«ስለ በርበሬ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ያን ምሽት ሦስታችን አንድ መብራት ሥር ተቀመጥን። ሦስታችንም የሞትን ነገር እናውቃለን፤ ሦስታችንም ስለ ማንጎ ዋጋና ስለ መንገዱ መከፈት አወራን። ብዙ ቦታ ብቻዬን አድሬያለሁ። እንደዚያ ቤት ግን ሰው ከሰው ጋር ሆኖ ብቻውን ሲሆን አይቼ አላውቅም። የእኔ ብቸኝነት ቢያንስ የሚታይ ነበር።

ጠዋት እትዬ ሉባባ ስልክ ቁጥራቸውን ሰጥተውኝ እስከ መኪና መሳፈሪያው ሸኙኝ። የወልድያው ሚኒባስ ገና አልሞላም። ሻንጣ የለኝ፣ የምዘገይበት ምክንያት የለኝ፤ ዝም ብዬ ቆምኩ።

«እትዬ ሉባባ፣ ሰምቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዶክተሩ የነገረዎትን። አልተኛሁም ነበር።»

የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ያ አላህ! ሁሉንም?»

«ይድናል ብለው እስከጠየቁት ድረስ። መልሱን አልሰማሁም።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ተቆጡ። «ዋናውን ሳትሰማ ነው እንዴ ያደርከው! በሽታው ያ እንኳ ቢሆን ገና ነው አለኝ። አልተሰራጨም፤ በጊዜ ከሄደ ተቆርጦ ይወጣል፣ ይድናል ነው ያለኝ! አንተ ሰውዬ፣ ግማሽ ወሬ ይዘህ አደርክ?» እንባቸው መጣ፤ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት። «ውጤቱ ሲመጣ አብሬህ ልገባ ነበር። ወላሂ። ብቻህን እንዳትሰማው ብዬ ነው እንጂ ልደብቅህ አልነበረም።»

ከዚያ የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ ነገሩኝ። ምንም አልጨመሩም፣ ምንም አልቀነሱም።

«ሰይድም ያኔ መርፌውን ወስዶ ነበር» አሉ በቀስታ። «እኔና ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆመን ነው ያወራነው። እሱም እንዳንተ ሰምቶ ይሆን?»

በሥራዬ ብዙ ሰው ጥያቄ ጠይቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ቀርቦልኝ አያውቅም። አዎ ካልኩ አደራ በላሁ፤ አይ ካልኩ ዋሸሁ። አላውቅም ብልም ውሸት ነው።

«ይጠይቋቸው» አልኩ።

ከዚያ ተነሡ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ሻሻቸውን አጠበቁ። መኪናው ሳይሞላ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይሉኝ፣ በመጡበት መንገድ ፈጥነው ተመለሱ።

ውጤቱ ሲደርስ ክሊኒኩ ጠራኝ፤ ለማንም ሳልነግር ሄድኩ። ሐኪሙ ከኋላዬ ወዳለው በር አየ። «እህትዎ አልመጡም?»

«ለእኔ ይንገሩኝ» አልኩት። አመነታና ነገረኝ። ካንሰር ነው፤ በጊዜ የተደረሰበት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። አመስግኜው ወጣሁ።

ስለ ራሴ በራሴ ጆሮ መስማት መብቴ ነው። ያን መብት አግኝቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። የያዝኩትን የምነግረው ሰው አልነበረም። ለእህቱ እንንገራት የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ሐኪሙ ወሬውን ለሉባባ የሰጠው የእኔን ድርሻ ሊነጥቀኝ አስቦ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው ብቻውን ይዞ መንገድ ላይ እንዳይቆም ነው። ስህተቱ እኔን ከውጭ መተዉ ነው።

መርሳ ደወልኩ።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ሉባባ፣ ሰላምታም ሳይቀድም።

«ነው።»

«በጊዜ ነው ወይስ ዘግይቷል?»

«በጊዜ ነው።»

ትንፋሻቸው ተሰማኝ። «አብሽር። አብሽር ወንድሜ።» ቀጥለው «ጠየቅሁት» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ስንት ወር ሙሉ ያላወራነውን አወራን። የት እንደሚቀበር ሳይቀር ነገረኝ።»

ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ሙሉውን ለእትዬ ሉባባ በስልክ አነበብኩላቸው፤ በእሳቸው ፈቃድ ነው የወጣው። ስሞቻችንን ቀይሬያለሁ።

አንባቢዬ፣ መርፌውን ከመውሰድህ በፊት፣ ምላስህ ያንተ ሳለች፣ ያገኙትን ለማን እንዲነግሩ ለሐኪሙ ራስህ ንገረው። አንተ አስታማሚው ደግሞ፣ አልጋው ላይ ያለው ሰው ዓይኑን ስለጨፈነ አልሰማም አትበል። የሚሰማበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜም መልስ ሊሰጥህ አይችልም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እውነት ማለት ተጣርቶ የተገኘ ነገር ነው ብዬ ነበር የምሠራው። አሁንም እንዲያው ነው የማምነው። ነገር ግን አንድን ነገር ካጣራሁ በኋላ የሚመለከተው ሰው ሲሰማው ማን አጠገቡ እንደሚሆን እጠይቃለሁ። ይህን ጥያቄ በፊት አልጠይቅም ነበር።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ አዲስ አበባ ነው። ወንድሜ ከሞያሌ ተነሥቶ ገና መንገድ ላይ ነበር። እትዬ ሉባባ ባል የሞተባት ሴት በምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ፣ በኢዳ ላይ ስለነበሩ ከቤት አይወጡም። በአልጋዬ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ሐኪሙ ፋይሌን ይዞ መጣና ወንበሩን አየ። «ውጤቱን ለማን ልንገር?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ ይታገሱኝ» ብዬ መርሳ ደወልኩ። ሲነሣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት።

«አለሁ» አሉ እትዬ ሉባባ።

ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። «ይንገሩን» አልኩት።